ከዝማሜ በፊት ቁም

ያምሮት ጥቁሩን መጋረጃ እስከ ጥግ ስባ፣ ስልኳን ከፍራሹ ሥር ሸጉጣ፣ ትራሱን በራሷ ላይ ደርባ ተጋድማለች፤ እንቅልፍ ግን እንደ ተቀየመ አማት ደጃፏን አልረግጥም ብሏል። ታምፔሬ በሚባለው የፊንላንድ ከተማ ዳር ባለ የአረጋውያን ማገገሚያ ለትምህርቷ የሚጠበቅባትን የተግባር ሥራ ስትሠራ አድራ፣ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ራሷ መስኮቱን እየመታ እያንጎላጀች መጥታ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር ስልኩ የጠራው። ታናሽ ወንድሟ ስመኘው ነው፣ ከአገር ቤት፣ ከቡሬ ማዶ። «አባየ ወደቁ» አለ። እንደምን አደርሽ የለ፣ ደኅና ነሽ ወይ የለ። ከኋላው እናቷ ወይዘሮ አደይ ይጮኻሉ፤ «ንገራት! የጣልሻቸው አንቺ ነሽ በላት! ከእንግዲህ አይነሡም፣ በቃ፣ እንደ ክቡር ሰው ተኝተው ይጦራሉ በላት!» እሷም እንደ ተማረችው በተርታ ጠየቀች። ራሳቸውን መታቸው? አልመታቸውም። አፋቸው ተሳሰረ? ኧረ አልተሳሰረም፣ እንዲያውም ይሳደባሉ። ታዲያ ምን ሆኑ? ጉልበታቸው ተላጠ። «ይኸው ነው? እንዲህ ከሆነማ ምን አለበት» አለች፤ ትንፋሿ ሲመለስላት ያመለጣት ቃል ነው፣ እፎይ ማለቷ ነበር። ስልኩ ግን ላውድ ላይ ነበር። «ምን አለበት! ሰማችሁልኝ? አባቷ መሬት ላይ ተዘርረው ምን አለበት ትላለች!» እናቷ አለቀሱ፣ ስመኘው «አየሽ እንግዲህ» አለ፣ መስመሩም ተቆረጠ። የቆረጠው ኔትወርኩ ይሁን፣ እናቷ ይሁኑ፣ ስመኘው ይሁን፣ እሱን እግዜር ይወቅ።

ምን አለበት። ቃሉ አሁን ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያያታል። ምን ማለቷ ነበር? መራመድ የሚማር ሁሉ ይወድቃል ማለቷ ነበር፤ ሕፃን ወደቀ ተብሎ ከእናቱ ጀርባ ላይ አርጅቶ አያውቅም ማለቷ ነበር፤ የማይወድቀው የማይነሣው ብቻ ነው ማለቷ ነበር። ይህንን ሁሉ ግን በየትኛው አማርኛ? ፈረንጆቹ ያስተማሯት ቃል አገር ቤት ሲደርስ ወይ ስድብ ይሆናል ወይ ግፍ። ተገላብጣ ግድግዳውን ታያለች። ከመጋረጃው ጀርባ የሰኔ ፀሐይ መጥለቅ እንደ ረሳ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እዚህ አገር በዚህ ወር ብርሃኑም እንደ ዘመድ ነው፣ ሂድ ቢሉት አይሄድም። አገር ቤት አሁን ዝናቡ ገብቷል፣ ስመኘው ከበቆሎው ኩትኳቶ ነው ተጠርቶ የመጣው፤ ጭቃ በእጁ፣ ስልኩ በትከሻውና በጆሮው መካከል። ያን ሁሉ ጥሎ ነው አባቱን ያነሣው። እሱስ ምን ያድርግ።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ናቸው፤ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ባለች ደብር ቅኔና አቋቋም ሲያስተምሩ ሸምግለዋል። ከፋሲካ ወዲህ ባንዱ ሰንበት ማኅሌቱ ላይ ቆመው ሳለ ግራ እጃቸው መቋሚያውን ለቀቀው፤ ቀጥሎ ግራ እግራቸው እሳቸውን ለቀቃቸው። ደክሟቸው ነው ተባለ፣ ምች ነው ተባለ፣ ሌላም ተባለ። በቃሬዛ ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፤ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ስንት ተለምኖ ነው የደረሱት፤ ሐኪሞቹም እግዜር ይስጣቸውና ሕይወታቸውን አተረፉ። ያምሮት ይህን ሁሉ የሰማችው ካለፈ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ኔትወርኩ የለም። እሷ እዚህ ስለ ማርያም ስልክ አንሡ እያለች ስትደውል ያቺ የማሽን ሴትዮ ብቻ ናት የምታናግራት፤ የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም። ስታገኛቸው አባቷ ቤት ገብተዋል፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ተንከባከቧቸው ብሎ ሄዷል። ተንከባከቧቸው! ይቺን ቃል ስታስታውስ ጥርሷን ታፋጫለች። ምክንያቱም ተንከባከቧቸው። እናቷ በጉርሻ ያበሏቸዋል፣ ስለዚህ ደኅነኛው ቀኝ እጃቸው እንኳ ሥራ ፈታ። ተማሪዎቻቸው እንደ ንግሥ ታቦት አጅበው ወደ ፀሐይ ያወጧቸዋል፣ አጅበው ያስገቧቸዋል። ውኃ በቀኛቸው፣ ሰው በቀኛቸው፣ ግራቸውን ያስታወሰው የለም፤ እሳቸው ራሳቸው ግራ ጎናቸውን እንደ ጎረቤት መሬት ማየት ተዉት። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው። ፍቅር መሆኑ ነው እኮ የሚያንገበግበው፤ ክፋት ቢሆን ትጮኽበት ነበር። ትጮኽበታለችም።

ደግሞ ለዚሁ ነው የተማረችው! ለዚሁ! ፍኖተ ሰላም ነርስ ሆና ስትሠራ የምታየው ይኸው ነበር፤ ከሞት የተረፈ ሰው ወደ ቤቱ ይላካል፣ ቤቱ ገብቶ ምን ይሆናል የሚል የለም። ጥግ ይይዛል፣ ጥጉ ይይዘዋል። ለዚህ የውጭ የትምህርት ዕድል ስታመለክት ያንኑ ነው የነገረቻቸው፣ ፋውንዴሽኑም በአካባቢሽ ይህን ሙያ የሚያውቅ የለም ብለሽ የለ፣ እንግዲያው አንቺን እናስተምራለን አላት። ስትሸኝ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ምን ልትማሪ ነው አላት። ፊዚዮቴራፒ። እሱ ምንድን ነው? በእንቅስቃሴ ማከም፣ የዛለውን ጡንቻ ማንቃት፣ የተኛውን ማስነሣት። አክስቷ ወለተ ሥላሴ አሰቡ አሰቡና «ማሸት ነው በይን እንጂ ልጄ፤ ለማሸት ደግሞ ባሕር መሻገር ምን አመጣው?» አሉ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ቡሬ ያለው ወጌሻ ያረጋል ደግሞ «እኔ ዘንድ ብትቀመጪ አይሻልሽም ነበር?» ብሎ መረቃት። ደግ ሰው ነው ያረጋል፣ ለተሰበረ አጥንት እጁ የተባረከ ነው። የአባቷ አጥንት ግን አልተሰበረም፤ የተበጠሰው ከራሳቸው ወደ ክንዳቸው የሚወርደው ትእዛዝ ነው። ያረጋል ምን ያውቃል? ተጠራ፣ መጣ፣ የዛለውን ክንድ ይዞ ሳበ፣ ትከሻው ከቦታው ሸሸ፣ አባቷም ከዚያ ወዲህ ክንዳቸውን ሲነኳቸው ይጮኻሉ። ክንዳቸውን አትሳቡ ብዬ ነበር! ብላለች እኮ። ኔትወርኩ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ከሰላምታ ቀጥሎ የተናገረችው ነው። «ማሸት ልትማር የሄደች ልጅ አትንኳቸው ትላለች እንዴ» አሉ እናቷ፤ እንደሳቸው ቢሆን የተማረችው ትምህርት ከራሷ ጋር ተጣልቷል።

ያን ሰሞን ሄልካ ጋም ሄዳ ነበር። ሄልካ የፋውንዴሽኑ አስተባባሪ ናት፣ ነጭ ፀጉር፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ወረቀት የማትገኝ ሴት። ያምሮት አባቴ ታመዋል፣ ሄጄ ቤተሰቡን ላሳይ፣ ሌላ የሚያሳያቸው የለም አለቻት። ሄልካ ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፣ በመጨረሻም «እሰማሻለሁ» አለች። አገር ቤት ሰው ሰማሁ ካለ አለቀ፣ እሽ ማለቱ ነው፤ ያምሮት አመስግና ልትነሣ ስትል ነው ሄልካ ሕጉን የነገረቻት። የተግባር ትምህርቱ መሐል ላይ ከተቋረጠ ዕድሉ ለተጠባባቂ ይተላለፋል። ወላጅ ሲሞት ፈቃድ አለ፤ ሲታመም የለም። «እንግዲያው አባቴን ላስነሣቸው እንድሄድ መጀመሪያ መሞት አለባቸው?» አለች ያምሮት። «እሰማሻለሁ» አለች ሄልካ። «እኮ የመረጣችሁኝ በአገሬ የተኛ ሰው የሚያስነሣ ስለሌለ ነው፣ አሁን የተኛው የኔው አባት ሲሆን ምክንያት አይሆንም ትይኛለሽ?» እሰማሻለሁ። ወይ መስማት! እዚህ አገር ጆሮ ሁሉ ከእጅ ተለይቶ ነው የሚኖር። በር ላይ ስትደርስ ደግሞ ሄልካ ጠራቻት፤ ለለጋሾቹ የሚታይ አጭር ፊልም እያዘጋጁ ነው፣ ያምሮት ፈገግ ብላ ስለ ዕድሏ ብትናገር፣ ከተቻለም የአባቷ ፎቶግራፍ፣ ሰውን በጣም ይነካልና። በጣም ይነካል። ያምሮት «አይሆንም» አለች፣ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገመችው። ሄልካ ይህንንም ሰማች።

ማገገሚያው ውስጥ አይኖ የምትባል አሮጊት አለች፣ እንደ አባቷ ግራ ጎኗ የዛለ። አይኖን ማንም አያጎርሳትም። ልጇ ለገና መጥቶ ነበር ይላሉ ሠራተኞቹ፣ ያምሮት አይታው አታውቅም። ሾርባው እየተንጠባጠበ፣ ማንኪያው ከጥርሷ ጋር እየተጋጨ አይኖ ራሷ ትበላለች፤ ካልበላች ሳህኑ ቀዝቅዞ ይነሣል። እግሯ መራመድ ጀምሯል፣ በመተላለፊያው ላይ የመራመጃ ብረቷን እየገፋች መስኮቱ ጋ ትደርሳለች፣ ደርሳም የምታሳየው ሰው የላትም። አንዳንዴ ያምሮት ትቆጣለች፣ በማን እንደምትቆጣ ሳታውቅ። እዚያ እጅ በዝቶ አባቷን አስተኛቸው፣ እዚህ እጅ ጠፍቶ ይቺን አስነሣት፤ ምነው እግዜር ይህን ሁሉ እጅ እኩል ቢያካፍለው። ከዚያ አይኖ ክንዷን መታ መታ አድርጋ የማይገባትን ነገር በፊንላንድኛ ትነግራታለች፣ ያምሮትም በአማርኛ አይዞሽ እናቴ ትላታለች፣ ይግባባሉ። ከገዛ እናቷ ጋር ነው ያልተግባባችው።

ቪድዮ ቢኖር ሁሉም ነገር በቀለለ። ኢንተርኔቱ ግን ከተዘጋ ስንት ጊዜው፣ ያለው ድምፅ ብቻ ነው፤ ሰውነትን በድምፅ ታስተምራለች። ስሜ፣ ዳሌያቸውን ያዝ ትለዋለች ስመኘውን። «የቱን?» የዛለውን። «እሽ።» አሁን ክብደታቸውን ወደ ግራ ያሸጋግሩ። «ምን ያሸጋግሩ?» ክብደታቸውን። «ምን ጭነው ነው የሚያሸጋግሩት? ኧረ እታለም በሰው ቋንቋ ንገሪኝ!» ወደ ግራ ይዘንበሉ። «ይወድቃሉ እኮ!» አይወድቁም፣ አንተ አለህ አይደል። እናቷ ከወዲያ «ተዋቸው፣ ይረፉበት፣ የሰው ልጅ ናቸው» ይላሉ፤ ስመኘው ያልበዋል፣ እሷም ያልባታል፣ አገር ለአገር ተያይዘው ያልባቸዋል፣ አባቷ ግን እንደ ጤፍ ከረጢት ተቀምጠዋል። ባለፈው ሳምንት ነው ትዕግሥቷ ያለቀው፤ አልጋዋ ላይ ቆማ፣ ስልኩን በሁለት እጇ አንቃ፣ «እንዴት አይገባህም? ማኅሌት ላይ እንደሚያደርጉት! አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየተመላለሱ እንደሚዘምሙት! በቃ ዝማሜ ያድርጉ!» ብላ ጮኸች።

ስልኩ ተቆረጠ ብላ ስታየው አልተቆረጠም። ከዚያ ከሩቅ፣ ከመደቡ ላይ፣ ሳምንታት ሙሉ ከማቃሰት በቀር ያልሰማችው የአባቷ ድምፅ ትንሽ ተጎትቶ መጣ። «ከዝማሜ በፊት ቁም አለ» አሉ። «ሥርዓቱን ማን ነው ያፈረሰው? መጀመሪያ ቁም ነው።» ያምሮት አፏን በመዳፏ ያዘች። ቁም የዜማው ስም ነው፣ ቆሞ የሚባለው፣ መቋሚያው ገና ሳይወዛወዝ፤ ደግሞም ቁም ማለት ቁም ማለት ነው። ስመኘው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሰማው መሰለኝ «አባየ፣ ቁም ነው የሚሉኝ?» አለ። «አንተን አይደለም፣ እኔን ነው ያልሁ። መቋሚያዬን አምጡ፤ ሳልሞት ተዝካሬን አወጣችሁት እኮ።» እናቷ እግዚኦ አሉ። መቋሚያው መጣ። ያምሮት ደኅነኛው እግር ኋላ፣ የዛለው እግር መሬት ይርገጥ፣ ስሜ ከብብታቸው ሳይሆን ከወገባቸው፣ ክንዳቸውን እንዳትነካ፣ እያለች ትቀባጥራለች፤ የሰማት ግን የለም። የምትሰማው የመቋሚያውን መንኳኳት፣ የአባቷን ማማጥ፣ ከዚያም ከጉሮሮ የሚወጣ አንድ ረጅም ድምፅ ነው። ዜማ ነው። ቆመዋል። የሚንቀጠቀጥ ነው፣ የተሰበረ ነው፣ ግን ቆመው ነው የሚያዜሙት፤ ሰው ቆሞ ሲያዜምና ተኝቶ ሲያዜም የካህን ልጅ ይለየዋል። አንድ ትንፋሽ ብቻ ቆይተው ተቀመጡ። በማግስቱ ደግሞ ቆሙ። ቆይቶ ዝማሜው ተጀመረ፤ ወደ ቀኝ ደኅና፣ ወደ ግራ እየፈሩ፣ ተማሪዎቹ በዙሪያቸው እየመሩ እንጂ እየያዙ አይደለም፣ እሷ ናት አትያዙ ያለቻቸው። አትያዙ ያለችው እሷ ናት።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ያልያዟቸው ጊዜ ወደቁ።

እንግዲህ ይበቃል። ትነሣና ታጥባ፣ ሄልካ ጋ ሄዳ፣ ትቼዋለሁ ትላታለች። ዕድሉን ለተጠባባቂው ስጡት፣ ምናልባት እሱ አባት የለውም። ባሕር ዳር ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ መንገዱ ከተከፈተ በመኪና፣ ካልተከፈተም በቅሎ አይጠፋም፤ ገብታ፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ የእናቷን እርግማን በራሷ ተቀብላ፣ አባቷን ራሷ ታነሣቸዋለች። ከዚያስ? ሙያውን ሳትጨርስ፣ ያልተማረች ያልቀረች፤ እነዚያ ፍኖተ ሰላም ትታቸው የመጣቻቸው፣ ጥግ የያዙት፣ እነሱስ? እነሱን ማን ዝማሜ ያስይዛቸዋል? ሁሉም መሪጌታ አይደሉ። ኧረ ይቅር፣ ሁሉም ይቅር፤ አሁን ከዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር እንቅልፍ ነው። ትራሱን ገለበጠችው። የተገለበጠውም ይሞቃል።

ፍራሹ ሥር ስልኩ አንዴ ጮኾ ጸጥ አለ። ሚስድ ኮል ነው፣ መልሰሽ ደውይ ነው። እናቷ ያልጨረሱት ነገር አለ ማለት ነው። ትደውል? አትደውልም። ደወለች። ጠራ፣ ተነሣ፣ ግን የሚናገር የለም፤ ትንፋሽ ብቻ፣ ቅርብ፣ የሚያስቸግር ትንፋሽ።

«ስሜ?»

«እኔ ነኝ።»

«አባየ! ማን ያዘልዎ ስልኩን?» እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ነው ጆሯቸው ላይ የሚይዝላቸው።

«ማን ይይዝልኛል። ልጁን እንኳ ቁልፉን ተጫንልኝና ወደ በቆሎህ ሂድ ብዬ ሰደድሁት።» ቃላቸው ይጎተታል፣ ግን አንዱም አልጎደለም። «እናትሽ አስቀይማሽ እንደሁ ብዬ ነው።»

«ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ጉልበት ይላጣል። የጥንቱ መምህሬ በስንት አርጩሜ ልጠውታል፣ የዛሬው ምን ይገርማል።»

ያምሮት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ መቼ እንደ ተነሣች አላወቀችም። «አባየ፣ ልመጣ ነው» አለች። «ትምህርቱን እተወዋለሁ። እዚህ ተቀምጨ በስልክ አልቻልሁም። መጥቼ እደግፍዎታለሁ።»

ቅኔ ሲቆጥሩ እንዲህ ነው ዝም የሚሉት፣ ተማሪው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚጠብቃቸው። «ደጋፊ ሞልቶኛል» አሉ ቀስ ብለው። «እናትሽ ትደግፈኛለች፣ ወንድምሽ ይደግፈኛል፣ ደብሩ ሁሉ ይደግፈኛል። የሚለቀኝ ነው ያጣሁ። አሁን አንዲት የምትለቀኝ ልጅ ባገኝ እሷም ልትይዘኝ ትመጣለች? ተይ። ጨርሰሽ ነይ።»

«ቢወድቁስ?»

«ምን አለበት።»

ሳቀች። እንባዋም መጣ፣ ሁለቱ ባንድ ላይ አስነጠሷት። አባቷ ሊስቁ ሲሉ ትንፋሻቸው ተሰናከለ። «ደግሞ ጠይቂኝ እንጂ» አሉ፣ «ይህን ስልክ በየትኛው እጄ እንደ ያዝሁት ምነው አል...»

ጓ አለ። ስልኩ ወደቀ። መሬቱን መታ፣ ተንከባለለ፣ ከዚያ የእናቷ ጩኸት ከበሩ ገባ፤ «ወይኔ! እጃቸው ከዳቸው! በግራቸው ይዘውት ነበር እንዴ! ይቆዩ፣ ይቆዩ ላንሣልዎ...»

«እማየ!» ያምሮት ተነሥታ ቆማለች። «እማየ እንዳይነኩት! ይተዉት! ማንም እንዳያነሣ!» ታች ቤት ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበው፤ ይደብድብ። «በእመ ብርሃን እማየ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እጅዎን ይሰብስቡልኝ!»

ስልኩ መሬት ላይ ነው። ከዚያ ከመሬቱ የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማታል፣ ዶሮ ትጭራለች፣ እናቷ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው የሚያለቅሱት ልቅሶ ይሰማል። ግን አልቀረቡም። ሥርቅ ሥርቅ ይላሉ እንጂ አልቀረቡም። ቀጥሎ አንድ ነገር ይፍቃል፤ ጥፍር ነው፣ ልስኑ በደረቀ መሬት ላይ የሚጎተት ጥፍር። ስልኩ ተገፋ። ራቀ። ተመለሰ። መዳፍ አረፈበት፣ ድምፁ ታፈነ፣ መዳፉ ተነሣ። ያምሮት ዓይኗን ጨፍና ታያለች፣ ከቪድዮ ይልቅ አጥርታ ታያለች። አውራ ጣቱን፣ አባየ፣ አውራ ጣቱን በሥሩ ያሹልኩት ትላለች በልቧ፣ በአፏ ግን አትልም፣ ከንፈሯን ነክሳ ትይዘዋለች። ስልኩ ከመሬት ከፍ አለ፣ መልሶ ወደቀ። እናቷ ጮኹ። ጥፍሩ መፋቁን አላቆመም።

«አባየ!» አላስቻላት። «አባየ!»

«ምን ያስጮኽሻል?» አሉ አባቷ ከሩቅ፣ ተቆጥተው፣ እያለከለኩ። «እያነሣሁት አይደል?»